«መድኃኒቱ ፍላጂል ነው አሉ»፦ ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ስለ ባክቴሪያና ስለ እኛ

እሑድ ከሰዓት እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ድምፅዋ የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር።

«ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! የዚያ የሆድሽ ነገር መድኃኒቱ ተገኘ አሉ።»

«ምንድን ነው ደግሞ እማ?»

«ፍላጂል! የአክስትሽ ልጅ ከቴሌግራም ላይ አነበበችልኝ። ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው አሉ። ፋርማሲው እዚሁ በራችን ላይ ነው። ያቺ ጓደኛሽ ስትመለስ ከበርበሬው ጋር ልላክልሽ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ቶሎ ለቀቀኝ። ምክንያቱም እናቴ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ጃፓን ውስጥ የተሠራ እውነተኛ ጥናት አለ። በአይጦች ላይ ከተሞከሩት መድኃኒቶች አንዱም ሜትሮኒዳዞል ነው፤ እኛ አገር «ፍላጂል» ብለን ለአሜባውም ለጃርዲያውም የምንውጠው ኪኒን ማለት ነው። ቴሌግራሙ የዘለለው ነገር ቢኖር ከላብራቶሪው እስከ እናቴ ፋርማሲ ድረስ ያለውን ረጅም መንገድ ነው። ያንን መንገድ ነው ዛሬ ከእናንተ ጋር ልሄድበት የፈለግኩት።

አስቀድሜ ልናገር፦ ሐኪም አይደለሁም። ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። ግን በሽታው የራሴ ነው፤ ሰው ደግሞ የራሱን በሽታ ጉዳይ የሌላውን ሰው ኮድ ከሚያነብበት በላይ በጥንቃቄ ያነብበዋል።

16 ዓመት የፈጀ ስም

ከ13 ዓመቴ ጀምሮ የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ትራሱን ሆዴ ላይ አቅፌ እጥፍጥፍ ብዬ እተኛ ነበር። አያቴ «ብርድ መትቷት ነው» ትልና ጤና አዳም ያለበት ቡና ታመጣልኛለች። ጎረቤቶቻችን «ስትወልድ ይተዋታል» ይላሉ። ገና ሰባተኛ ክፍል ነኝ እኮ! ዩኒቨርሲቲ ስገባ ክሊኒክ ሄድኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ወንድ ጓደኛ አለሽ?» የሚል ነበር። የለኝም አልኩ። ባለሙያው በማያምን ዓይን አየኝና «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ኪኒን ጻፈልኝ። ኪኒኑን ጨረስኩ፣ ሕመሙ ግን አልጨረሰኝም።

ለማስተርስ ኔዘርላንድስ ስመጣ ደግሞ «ፓራሲታሞል ውሰጂና አረፍ በይ» ተባልኩ። እዚህ አገር የኖራችሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ታውቋታላችሁ። በ29 ዓመቴ ነው አንዲት የማሕፀን ሐኪም ቁጭ ብላ የሰማችኝ። ኤምአርአይ ታየ። ግራ ኦቫሪዬ ላይ በአሮጌ ደም የተሞላ፣ ሐኪሞቹ «ቸኮሌት ሲስት» የሚሉት እብጠት ተገኘ። ስሙም ኢንዶሜትሪዮሲስ ሆነ። ከመጀመሪያው ሕመም እስከ ስሙ 16 ዓመት ማለት ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በብዙ አገሮች ሰባትና አሥር ዓመት መቆየት የተለመደ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልግለጸው። ማሕፀን ውስጥ በየወሩ የሚወፍርና የወር አበባ ሲመጣ እየተላጠ የሚወጣ ሽፋን አለ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ይህን ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ ሲበቅል ነው፦ ኦቫሪ ላይ፣ የማሕፀን ቱቦ ላይ፣ አንጀት ላይ፣ የሽንት ፊኛ ላይ። እዚያም ሆኖ ለሆርሞን ይታዘዛል። ያብጣል፣ ይደማል፣ ደሙ ግን መውጫ የለውም። አካባቢው ይቆጣል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ አንዳንዴም አካላት እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የወር አበባ ቁርጠት፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ሽንት ቤት ሲኬድ ሕመም፣ ሌት ተቀን የማይለቅ ድካም፣ ለአንዳንዶች ደግሞ ልጅ መውለድ አለመቻል ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ይህ በሽታ አለባቸው። ሕመሙን የሚያስታግስ ሕክምና አለ፤ ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል ግን እስካሁን የለም።

መቶ ዓመት የቆየው ጥያቄ

በ1920ዎቹ ጆን ሳምፕሰን የሚባል አሜሪካዊ የማሕፀን ሐኪም አንድ ሐሳብ አቀረበ። የወር አበባ ደም ሁሉ ወደ ታች አይወርድም፤ ጥቂቱ በቱቦዎቹ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈሳል፤ አብረውት የሄዱት የሽፋኑ ሕዋሳት እዚያ ይተከላሉ አለ። እስከ ዛሬ ከሁሉም ይልቅ የሚጠቀሰው ማብራሪያ ይህ ነው።

ችግሩ ግን ይህ የደም መመለስ እስከ 90 በመቶ በሚሆኑ ሴቶች ላይ የሚታይ መሆኑ ነው። በሽታው የሚይዘው ደግሞ ከአሥር አንዷን ነው። ታዲያ ዘጠኙ ሴቶች የሚያጸዱትን ነገር አሥረኛዋ ለምን ማጽዳት አቃታት? ለአንድ ፕሮግራመር ይህ የታወቀ ዓይነት ጥያቄ ነው። አንድ ዓይነት ኮድ አሥር ማሽኖች ላይ ጭነህ አንዱ ላይ ብቻ ከተበላሸ ኮዱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ የዚያን ማሽን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል።

የዘር ውርስ አንዱ መልስ ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የተጋላጭነቱን ግማሽ ያህል ከዘር ጋር ያያይዙታል። የበሽታ መከላከል አቅምም አለበት። ሦስተኛው፣ አሁን ሁሉም የሚያወራለት፣ በሴት የመራቢያ አካል ውስጥ የሚኖረው የባክቴሪያ ማኅበረሰብ ነው። በሳይንሱ ቋንቋ ማይክሮባዮም ይባላል።

ባዶ ነው የተባለው ቤት

ብልት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ዶደርላይን በ1892 አሲድ የሚሠራ ባክቴሪያ እዚያ እንደሚኖር ጽፏል። ዛሬ ላክቶባሲለስ የምንለው ቤተሰብ ነው፤ እርጎን እርጎ የሚያደርገው ባክቴሪያ ዘመድ መሆኑ ነው። አሲዱ የሌሎችን ጀርሞች መግቢያ ይዘጋል። ስለዚህ «ባክቴሪያ አለ» ማለትና «በሽታ አለ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ማሕፀን ግን ከባክቴሪያ ነፃ፣ ባዶ ቤት ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ኖሯል። በ2017 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣ የቻይና ጥናት ይህን እምነት አናጋው። ተመራማሪዎቹ በሌላ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 110 ሴቶች ናሙና ወሰዱ፦ ከብልት፣ ከማሕፀን አፍ፣ ከማሕፀን ውስጥ፣ ከቱቦዎችና ከሆድ ዕቃ ፈሳሽ። ከታች ወደ ላይ በተሄደ ቁጥር የባክቴሪያው ዓይነት ቀስ በቀስ ይለዋወጣል። ብዛቱም ይወርዳል፤ ላይኛው ክፍል ያለው ከብልቱ ጋር ሲነጻጸር ወደ 10,000 እጥፍ ያነሰ ነው። ባዶ የተባለው ቤት ጥቂት ነዋሪዎች ሳይኖሩት አልቀረም ማለት ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2010 የናጋሳኪ ተመራማሪዎች ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸው ሴቶች የወር አበባ ደም ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በዝቶ እንደሚገኝ ዘግበው ነበር። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፦ የባክቴሪያው ግድግዳ ቁርጥራጭ ከደሙ ጋር ወደ ሆድ ዕቃ ይሻገራል፤ ዘበኞቹ የመከላከያ ሕዋሳት ይቆጣሉ፤ ቁጣቸውም የተበተነውን ሽፋን ከማጽዳት ይልቅ ሥር እንዲሰድ ያግዘዋል። ዘበኛ ሌባ ሊያባርር ወጥቶ አጥሩን ሲያፈርስ እንደማለት ነው።

ከናጎያ የመጣው ዜና

የእናቴ ቴሌግራም ያወራው በሰኔ 2023 ሳይንስ ትራንስሌሽናል ሜዲስን ላይ ስለወጣው የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። 155 ሴቶች ተመረመሩ፤ 79ኙ በሽታው ያለባቸው፣ 76ቱ የሌለባቸው። ፉሶባክቴሪየም የሚባል ባክቴሪያ በሽታው ካለባቸው 64 በመቶ በሚሆኑት ማሕፀን ሽፋን ውስጥ ተገኘ። ከሌለባቸው ግን የተገኘባቸው ከ10 በመቶ በታች ናቸው። ፉሶባክቴሪየም ለጥርስ ሐኪሞች እንግዳ አይደለም፤ አፍ ውስጥ ይኖራል፣ ከድድ በሽታ ጋር ስሙ ይነሳል። ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋርም ይነሳል።

ተመራማሪዎቹ እዚያ አላቆሙም፤ አሠራሩንም ፈለጉ። ባክቴሪያው ሲገባ የመከላከያ ሕዋሳት ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባል መልእክት ይለቃሉ። መልእክቱ የደረሳቸው የሽፋኑ ሕዋሳት ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ መንቀሳቀስ፣ መጣበቅ፣ መባዛት ይጀምራሉ። አይጦች ማሕፀን ውስጥ ባክቴሪያው ሲጨመር ቁስሎቹ በቁጥርም በክብደትም ጨመሩ። ሜትሮኒዳዞል ወይም ክሎራምፌኒኮል የተባለው አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው ደግሞ ቀነሱ። በሰዎች ላይም ሙከራ እንደተጀመረ ዩኒቨርሲቲው አስታውቋል።

ሳነበው ልቤ መታ፣ አልዋሽም። ጨጓራን አስታወሰኝ። እኛ ኢትዮጵያውያን ጨጓራ የማያውቅ ዘመድ የለንም። እስከ 1980ዎቹ ድረስ የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የአሲድ በሽታ ነበር። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን «ባክቴሪያ አለበት» ሲሉ ብዙ ሰው አላመናቸውም። ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የማያውቅ ሰው የለም። «ጭንቀት ነው» ሲባል የኖረ ሕመም ባለቤት ተገኘለት፣ መድኃኒትም ተገኘለት። ለ16 ዓመት «ጭንቀት ነው፣ ብርድ ነው» ስትባል የኖረች ሴት እንዲህ ዓይነት ታሪክ እንዲደገምላት ብትመኝ ይፈረድባታል?

ታዲያ ፍላጂሉን ለምን አልወሰድኩም?

መመኘትና ማረጋገጥ ግን ለየቅል ናቸው። አራት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ አይጥ ነው። በእኛ ሙያ የታወቀች ቀልድ አለች፦ ሶፍትዌሩ ደንበኛው ጋ ሲወድቅ ፕሮግራመሩ «እኔ ላፕቶፕ ላይ እኮ ይሠራል» ይላል። የላብራቶሪ አይጥ የወር አበባ አታይም። ኢንዶሜትሪዮሲስም በራሷ አይዛትም፤ የማሕፀን ሽፋን ሆዷ ውስጥ በሰው እጅ ተተክሎ ነው የምትታመመው። በአይጥ ላይ ያየነው ሁሉ «ላፕቶፑ ላይ ሠርቷል» ማለት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀድሞ የመጣው የትኛው ነው? ሰርቨር ሲወድቅ ሎግ ውስጥ ስሙ የተጻፈ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ አንዳንዱ የአደጋው ምስክር ነው። ደም የብልትን አሲድ ያለዝባል። በሽታው ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜና በብዛት ትደማለች። ሆርሞን ትወስዳለች። አንቲባዮቲክም በተደጋጋሚ ውጣለች፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ይህ ሁሉ ባክቴሪያውን ይለውጣል። ስለዚህ ባክቴሪያው በሽታውን አመጣ ወይስ በሽታው ባክቴሪያውን ጋበዘ? ምናልባትም አንዱ ሌላውን እየመገበ ይዞራል። ደግሞም 64 በመቶ ማለት ከሦስቱ ሴቶች ከአንዷ በላይ ባክቴሪያው አልተገኘባትም ማለት ነው። እርስዋስ በምን ታመመች?

ሦስተኛ፣ ናሙናው ራሱ ችግር አለበት። ማሕፀን ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት ነው። መንገዱ ግን በባክቴሪያ በተሞላው ብልት በኩል ነው፤ መሣሪያው ሲገባ ይዞ ሊገባ ይችላል። በዚያ ላይ በ2014 አንድ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው የዲኤንኤ ማውጫ ኬሚካሎቹ ራሳቸው የባክቴሪያ ዲኤንኤ አለባቸው። ናሙናው ጥቂት ሲሆን የምታነበው የሴትዮዋን ማሕፀን ሳይሆን የኬሚካሉን ጠርሙስ ሊሆን ይችላል። ውጤቶቹ እርስ በርስ የማይስማሙትም በከፊል በዚህ ነው። ለምሳሌ በ2019 ቱርክ ውስጥ በ14 ታማሚና በ14 ጤነኛ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት የሁለቱን ቡድኖች ባክቴሪያ በጥቅሉ ተመሳሳይ ሆኖ ነው ያገኘው፤ ልዩነቱ በተወሰኑ ዝርያዎች ላይ ነበር። 28 ሰው ትንሽ ነው። 155ም ቢሆን ለ190 ሚሊዮን ሴቶች ትንሽ ነው።

አራተኛ፣ አንቲባዮቲክ መርጦ አይገድልም። ሜትሮኒዳዞል በቦታው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ለሚባለው የብልት ባክቴሪያ መዛባት ሐኪሞች ያዙታል። ግን እዚያም እንኳ ችግሩ በብዙ ሴቶች ላይ በዓመት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ማፍረስ ቀላል ነው፤ ጥሩውን ማኅበረሰብ መልሶ መገንባት ነው የሚከብደው። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ሥራ አላቸው፦ አንዳንዶቹ ሰውነት ሊያስወግደው ያሸገውን ኢስትሮጅን ፈትተው ወደ ደም እንዲመለስ ያደርጋሉ። ኢስትሮጅን ደግሞ የዚህ በሽታ ምግብ ነው። እዚያ መንደር ውስጥ በጭፍን ቦምብ ጥለህ ማን እንደሚተርፍ በምን ታውቃለህ? መድኃኒቱን የለመዱ ጀርሞችን ማፍራትም ሌላ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው በእውነት የታመመው ጎረቤት ነው።

«ኢንፌክሽን» የሚለው ቃል

እስካሁን ያልኩት የሳይንስ ጥንቃቄ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። «ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው» የሚለው ዜና ወደ እኛ ቤት ሲገባ ብቻውን አይገባም። «ኢንፌክሽን» የሚል ቃል ይዞ ይገባል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከወገብ በታች ያለ ኢንፌክሽን በሽታ ብቻ ሳይሆን ወሬ ነው። «ከየት አመጣችው?» ነው ቀጣዩ ጥያቄ። ያ የክሊኒክ ባለሙያ ያየኝን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህ የእኛ ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ኢንዶሜትሪዮሲስ የነጭ፣ የተማረች፣ መውለድ ያዘገየች ሴት በሽታ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጥቁር ሴት ያንኑ ሕመም ይዛ ስትመጣ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት ስም የመራቢያ አካላት ኢንፌክሽን ነበር፤ በአብዛኛው ከአባላዘር በሽታ ጋር የሚያያዘው ማለት ነው። በ1976 ቺካጎ ውስጥ ዶናልድ ቻትማን የሚባል ሐኪም ኢንፌክሽን አለባችሁ የተባሉ ጥቁር ሴቶችን ሆድ በላፓራስኮፒ አየ። ከ20 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያለባቸው ኢንዶሜትሪዮሲስ ነበር። ልብ በሉ፦ እነዚህ ሴቶች በሽታው ብቻ አይደለም የጎዳቸው፤ የተሳሳተ ስምም ተሸክመው ኖረዋል።

አሁን ሳይንሱ ባክቴሪያን እንደገና ወደ ወንበሩ ሲመልስ እኔ የምለው ይህ ነው፦ የናጎያው ግኝት «ኢንፌክሽን አለባት» የሚለውን አሮጌ ፍርድ አያጸድቅም። ፉሶባክቴሪየም የአፍ ነዋሪ ነው። ንጽሕና ስለጎደላት ወይም ጠባይዋ ስለተበላሸ የመጣባት ነገር አይደለም። ባክቴሪያው ገና ተጠርጣሪ ነው፤ ሴትየዋ ደግሞ ተከሳሽ አይደለችም።

እዚህ ላይ ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ ላንሳ። በ2011 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ምንም ምልክት የሌላቸውን 396 ሴቶች የብልት ባክቴሪያ መረመረ። አብዛኞቹ ላክቶባሲለስ የበዛባቸው ሆኑ። ላክቶባሲለስ ያነሰበት ዓይነት ግን በጥቁር ሴቶች 40 በመቶ፣ በነጭ ሴቶች ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ላይ ተገኘ። እነዚህ ሁሉ ደኅና ነን ያሉ ሴቶች ናቸው! ይህ ዓይነት ለአንዳንድ ችግሮች ተጋላጭነትን እንደሚጨምር የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ግን በራሱ በሽታ አይደለም። ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ቤት ሆነሽ ናሙና ወስደሽ በፖስታ የምትልኪው የማይክሮባዮም ምርመራ ይሸጣል። ውጤቱ በቀይ ቀለም «የተዛባ» ብሎ ሲመጣ፣ በመጠይቁ ላይ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት የምናደርግ እኛ ቀዩን በብዛት ማየታችን አይቀርም። ከዚያስ? በሳሙና፣ በሎሚ ውኃ ውስጥን ማጠብ። ይህ ደግሞ ጠባቂውን ላክቶባሲለስ ጠርጎ ችግሩን ያብሳል። ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል፤ ከውጭ በውኃ መታጠብ ይበቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር የወር አበባ ሕመም «የተለመደ» አይደለም። ይህን ለታናሽ እህታችሁ፣ ለልጃችሁ ንገሩ።

መዝግቡ። እኔን ያዳመጠችኝ ሐኪም ፊት ያቀረብኩት አንድ ተራ ሰንጠረዥ ነው፦ ቀን፣ ሕመም ከ0 እስከ 10፣ የደሙ መጠን፣ የወሰድኩት መድኃኒት፣ ከሥራ የቀረሁበት ቀን። የስድስት ወር ነበር። «ያመኛል» የሚለውን ቃል ለማለፍ ቀላል ነው፤ ሰንጠረዥን ማለፍ ይከብዳል።

ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ፦ «ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል?» በ2022 የወጣው የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ምንም ባያሳይም በሽታው የለም ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ያላገባችሁና የውስጥ ምርመራ የሚያስጨንቃችሁ፣ በተለይ በገልፍ አገሮች ያላችሁ፣ በሆድ ላይ የሚደረግ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ዛሬ ያለው ሕክምና አይቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎች፣ የሆርሞን መድኃኒትና እንደየሁኔታው ቀዶ ሕክምና ነው። አንቲባዮቲክ በዚያ መመሪያ ውስጥ የዚህ በሽታ ሕክምና ሆኖ አልተጻፈም። ትኩሳት፣ ያልተለመደ ፈሳሽ ወይም ሽታ ካለ ግን አትደብቁ፤ እውነተኛ ኢንፌክሽንም አለ፣ እርሱም ታውቆ መታከም አለበት። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ በቴሌግራም ግን አይሁን።

በምትኖሩበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ ጥናት ሴቶች ሲፈልግ ካያችሁም አስቡበት። የእኛ ናሙና የሌለበት መረጃ ስለ እኛ ሲናገር በግምት ነው።

ወንዶች አንባቢዎቼም አትዝለሉት። ሚስቶቻችሁ፣ እህቶቻችሁ፣ በቡድናችሁ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። «ሁሌ በወሩ መጨረሻ ትቀራለች» የምትሏት ባልደረባችሁ ሰነፍ ላትሆን ትችላለች።

ማታ እናቴን መልሼ ደወልኩላት። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በእሷ ቋንቋ ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ አይጡ ስነግራት ሳቀች። የዘር ውርስ ስል ግን ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማ? አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ» አለች። «እኔም እኮ እንዲሁ ነበርኩ። አንቺን እስክወልድ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ያን ጊዜ የማልጠጣው ቅጠል፣ ያልሄድኩበት ፀበል አልነበረም። ብርድ ነው ይሉኝ ነበር።»

34 ዓመት ሙሉ ይህን ነግራኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ሁለታችንም በየተራችን አንድ ዓይነት ትራስ አቅፈን፣ አንዳችን ስለ ሌላችን ሳናውቅ ኖረናል። ከናጎያው ጥናት መድኃኒት ይውጣለትም አይውጣለት፣ ለእኔ ቤት ይህን ጨዋታ አምጥቷል። እናንተም ቤት ሊኖር ይችላል፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

«ታዲያ ፍላጂሉ ይቅር?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ይቅር እማ። በርበሬውን ግን ላኪልኝ።»

ቸር እንሰንብት።